ምቾት የሌለው መኪና ለምን ይወደዳል?

ወጣ ገባ በበዛበት መንገድ ላይ የሚውል አሽከርካሪ ስለ መኪና ሲያስብ አስቀድሞ የሚመኘው ምቾትን ነው። ለስላሳ መቀመጫ፣ በሁለት ጣት የሚዞር መሪ፣ አቧራ የማያስገባ በር፣ ማርሹን ራሱ የሚቀያይር ካምቢዮ የዘመናዊ መኪና መለያዎች ተደርገው ይቆጠራሉ። ይሁንና በዓለም ላይ እነዚህ ሁሉ የሌሉትን መኪና ፈልገው፣ ወረፋ ጠብቀው፣ አንዳንዴም ለሰሚው የሚገርም ገንዘብ ከፍለው የሚገዙ ሰዎች አሉ። የሚገዙት መኪና ምንጣፍ የለውም፤ ሬዲዮ የለውም፤ የሞተሩ ድምፅ ጆሮ ይበሳል፤ ጎማው የረገጠው ጠጠር ሁሉ እስከ አሽከርካሪው ወገብ ድረስ ይሰማል። ባለቤቶቹ ግን በሌላ አይለውጡትም።

ነገሩ በሩቁ ሲታይ የሀብታም ቅብጠት ይመስላል። ቀረብ ብሎ ለተመለከተው ግን እርፍ ጨብጦ ላረሰ ገበሬም ኾነ ልጓም ይዞ ለጋለበ ፈረሰኛ የሚገባ ምክንያት አለው። ሰዎቹ ገንዘባቸውን የሚያወጡት እጃቸውና እግራቸው ላደረገው ነገር ወዲያውኑ መልስ ለሚሰጥ መሣሪያ ነው። ማሽኖች የሰውን ድርሻ እየተረከቡ በመጡ ቁጥር "እኔ ካልሠራሁ ይህ ነገር አይሠራም" የሚለው ስሜት ብርቅ እየኾነ መጥቷል።

"ይወደዳል" የሚለው የአማርኛ ቃል ሁለት ትርጉም አለው፤ በልብ መፈቀርንም፣ በገበያ ዋጋው መናርንም ይገልጻል። ለእነዚህ መኪኖች ሁለቱም ትርጉሞች ይሠራሉ።

ለመንዳት የተሠራ መኪና

መኪና በሁለት ዓላማ ሊሠራ ይችላል። የመጀመሪያው ተጓዡን ወይም ጭነቱን ሳያጉላላ ካሰበበት ማድረስ ነው፤ የቤት መኪናውም፣ የሕዝብ ማመላለሻውም፣ የጭነት መኪናውም የሚሠሩት ለዚህ ነው። ሁለተኛው ዓላማ መንዳቱ ራሱ ነው። በዚህኛው መኪና ከመድረሻው ይልቅ ጉዞው ይበልጣል።

ለሁለተኛው ዓይነት ጥሩ ማሳያ የሚኾነው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ኮሊን ቻፕማን የመሠረተው የሎተስ ኩባንያ እ.ኤ.አ በ1957 ያወጣው "ሎተስ ሰቨን" ነው። ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ፣ በር የሚባል ነገር የሌለው፣ የፊት ጎማዎቹ ከአካሉ ውጭ የቆሙ ትንሽ መኪና ነበር። ገዢው ክፍሎቹን ተረክቦ በቤቱ መገጣጠም ይችል ነበር፤ በጊዜው በእንግሊዝ በተገጣጠመ መኪና ላይ የሚጣለው የግዢ ግብር በዚህ መንገድ ስለሚቀር አቅማቸው ያነሰ ሰዎችም የስፖርት መኪና ባለቤት ለመኾን በቅተዋል።

የሎተስ ሰቨን የማምረት መብት እ.ኤ.አ በ1973 ካተርሃም ወደተባለ ድርጅት ተላልፎ መኪናው መልኩን ሳይለውጥ ዛሬም ይመረታል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ በ2021 ያወጣው "ካተርሃም 170" የተባለው ሞዴል 440 ኪሎ ግራም ብቻ ይመዝናል፤ ክብደቱ ከአንድ ጥንድ የእርሻ በሬ አይበልጥም። የተገጠመለት የሱዙኪ ሞተር 660 ሲሲ ሲኾን 84 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። በአገራችን መንገዶች ዘወትር የሚታየው ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ ወደ ሁለት ቶን የሚጠጋ መኾኑን ላስታወሰ ልዩነቱ ግልጽ ነው።

የቻፕማን እምነት ቀላል ነበር። ለመኪና ጉልበት ሲጨመርለት በቀጥታ መንገድ ላይ ይፈጥናል፤ ክብደት ሲቀነስለት ግን ሲነሳም፣ ሲቆምም፣ ሲታጠፍም ይቀለዋል። ስለዚህ ከመኪናው ላይ የግድ የማያስፈልገውን ሁሉ ማንሳት የሎተስ መለያ ኾነ።

በዋጋው ከፍ ያለው ምሳሌ ደግሞ የጣሊያኑ ፌራሪ እ.ኤ.አ በ1987 የኩባንያውን 40ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ ያወጣው "ኤፍ 40" ነው። መሥራቹ ኤንዞ ፌራሪ በ1988 ከማረፉ በፊት በራሱ ፈቃድ ወደ ገበያ ያስወጣው የመጨረሻው ሞዴል ነው። 478 የፈረስ ጉልበት ያለው ይህ መኪና ምንጣፍም ኾነ ሬዲዮ የለውም። በሩ ከውስጥ የሚከፈተው በእጀታ ሳይኾን ቀጭን ገመድ በመሳብ ነው። መሪውንም ኾነ ፍሬኑን የሚያቀልል ረዳት መሣሪያ አልተገጠመለትም። እንዲህ ያለው መኪና በዘመኑ ከነበሩት ሁሉ ውድ ከሚባሉት አንዱ መኾኑ ገዢዎቹ ምን ይፈልጉ እንደነበር በቂ ምስክር ነው።

መኪናው እንዴት "ይናገራል"?

በማረሻ የሚያርስ ገበሬ እርፉን በጨበጠበት እጁ መሬቱን ያነባል። ወገሉ ድንጋይ ሲነካ፣ ሥር ሲይዘው፣ ከደረቅ አፈር ወደ እርጥብ ሲገባ ገበሬው ጎንበስ ብሎ ማየት አያስፈልገውም። ዐይኑ ያላየውን እጁ ያውቀዋል፤ ጫን ማለት ወይም ቀለል ማድረግ እንዳለበት ሳያሰላስል ያደርገዋል። ለመንዳት የተሠራ መኪናም አሽከርካሪውን የሚማርከው በዚሁ መንገድ ነው።

ዋናው የመልእክት መስመር መሪው ነው። የፊት ጎማዎች በኩርባ ላይ ሲዞሩ ወደ ቀጥታ የመመለስ ግፊት ያድርባቸዋል። ይህ ግፊት በብረቱ በኩል ወደ መሪው ይደርሳል፤ አሽከርካሪውም መሪው እጁን ሲቃወመው ይሰማዋል። ጎማው መሬቱን የመያዝ አቅሙ ሊያልቅ ሲቃረብ ግን ተቃውሞው ይላላል። ልምድ ያለው ሰው ይህን መላላት መኪናው ከመንሸራተቱ በፊት ይለየዋል። በብዙዎቹ ዘመናዊ መኪኖች ላይ መሪውን የሚያቀልለው የኤሌክትሪክ ሞተር ነዳጅ በመቆጠብና አሽከርካሪን ባለማድከም ጠቃሚ ቢኾንም ከመንገዱ የሚመጣውን መልእክት በተወሰነ ደረጃ ያደበዝዘዋል። የጀርመኑ ፖርሽ "911" የተባለውን ታዋቂ ሞዴሉን እ.ኤ.አ በ2011 ወደ ኤሌክትሪክ መሪ ሲያሸጋግር በወዳጆቹ ዘንድ ብርቱ ክርክር የተነሳው በዚህ ምክንያት ነበር።

ሁለተኛው መስመር መቀመጫው ነው። እነዚህ መኪኖች ዝቅ ያሉ ናቸው፤ አሽከርካሪው የሚቀመጠውም ለመኪናው መካከለኛ ክፍል ቀረብ ብሎ ነው። መኪናው ሲታጠፍ፣ ኋላው ሲከዳ ወይም ፊቱ ሲያጎነብስ ወገቡና ጀርባው ቀድመው ያውቃሉ።

ሦስተኛው ማርሹ ነው። በእጅ የሚቀየር ማርሽ አሽከርካሪው ፍሪሲዮን ረግጦ፣ የሞተሩን ድምፅ አዳምጦ፣ ትክክለኛውን ጊዜ መርጦ የሚሠራው ሥራ ነው። ጊዜውን ሲስት መኪናው ይንገራገጫል፤ ሲያገኘው ደግሞ ያለ ምንም ግጭት ይፈስሳል። ስሕተቱም ብልሃቱም የእርሱ ነው፤ ደስታውም የሚመነጨው ከዚህ ነው።

በኢትዮጵያ ብዙው አሽከርካሪ ሙያውን የተማረው በእጅ በሚቀየር ማርሽ በመኾኑ ይህ እንደ ልዩ ነገር ላይቆጠር ይችላል። በአሜሪካ ግን ከሚሸጡት አዳዲስ መኪኖች መካከል በእጅ የሚቀየር ማርሽ ያላቸው በጣም ጥቂት ናቸው። አንዱ አገር ውስጥ የየዕለት ልፋት የኾነው ነገር በሌላው አገር ተፈልጎ የሚገዛ ጸጋ ኾኗል።

ሰውና ፈረስ አንድ አካል ሲኾኑ

ይህን ግንኙነት በአጭር ቃል የገለጹት ጃፓናውያን ናቸው። መቀመጫውን በሂሮሺማ ያደረገው ማዝዳ ኩባንያ "ኤምኤክስ 5" የተባለውን ባለ ሁለት መቀመጫ መኪና የሠራው "ጂንባ ኢታይ" በሚል መርህ ነው። ትርጉሙም ሰውና ፈረስ አንድ አካል ማለት ነው፤ መነሻው በግልቢያ ላይ ቀስት ከሚወረውሩ የጥንት ጃፓን ፈረሰኞች ጋር የተያያዘ ነው።

መኪናው ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ በየካቲት 1989 በአሜሪካ ቺካጎ በተካሄደ የመኪና ትርኢት ነው። ሐሳቡ ከዚያ አስር ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ የቀረበው በኋላ ላይ የኩባንያው ባልደረባ ከኾነው አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ቦብ ሃል ነበር። በጊዜው የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ይሠሯቸው የነበሩት ቀላል የስፖርት መኪኖች ከገበያ እየጠፉ ነበር፤ ሃል የጎደለውን ቦታ አስተማማኝ በኾነ መኪና መሙላት እንደሚቻል አመለከተ።

የመጀመሪያው ኤምኤክስ 5 ከአንድ ቶን በታች የሚመዝን፣ 1.6 ሊትር ሞተርና 116 የፈረስ ጉልበት ያለው ነበር። ይህ ጉልበት ብዙ የሚባል አይደለም፤ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ብዙ የቤተሰብ መኪኖች ጥለውት ሊያልፉ ይችላሉ። መሐንዲሶቹ የተጨነቁት ለሌላ ነገር ነበር። ክብደቱ በፊትና በኋላ ጎማዎች ላይ እኩል እንዲያርፍ፣ የማርሽ ዘንጉ በእጅ አንጓ ብቻ እንዲንቀሳቀስ፣ የጭስ ማውጫው ድምፅ ሳይቀር ለጆሮ እንዲጥም ደከሙ። ሞተሩን ከፊት አድርገው የኋላ ጎማዎች እንዲገፉ በማድረግ የፊት ጎማዎችን ሥራ መምራት ብቻ አደረጉት። ውጤቱም መኪናው በዓለም ድንቃ ድንቅ መዝገብ በብዛት የተሸጠ ባለ ሁለት መቀመጫ የስፖርት መኪና ተብሎ መመዝገቡ ነው። እ.ኤ.አ በ2016 ደግሞ አንድ ሚሊዮንኛው መኪና ከፋብሪካ ወጥቷል።

የጃፓኑ መርህ ለኢትዮጵያ ሰው አዲስ አይደለም። በአገራችን ታላላቅ ሰዎች በፈረሶቻቸው ስም ይጠሩ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ ተብለዋል። ፈረሱ ከመጓጓዣነት አልፎ የባለቤቱ ማንነት ክፍል ነበር። ዛሬም በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር በየዓመቱ ጥር 23 በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ላይ የታየ ሰው ይህን ይረዳዋል። ጥሩ ፈረሰኛ ፈረሱን በልጓም ብቻ አይመራም፤ በጉልበቱ ይነግረዋል፣ በወገቡ ያዳምጠዋል፣ ፈረሱም ከመዝለሉ በፊት ያሳውቀዋል። ተመልካቹ የሚደነቀው በፍጥነቱ ብቻ ሳይኾን በሁለቱ መግባባት ነው። የሞተር አቅም ዛሬም ድረስ በፈረስ ጉልበት መለካቱ የቆየ ልማድ ቢኾንም መኪናና ፈረስ በሰው ልብ ውስጥ ምን ያህል ጎረቤት እንደኾኑ ያስታውሳል።

አእምሮ ውስጥ ምን ይኾናል?

የሃንጋሪ ዝርያ ያላቸው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ ሰዎች በሥራ ሙሉ በሙሉ የሚመሰጡበትን ሁኔታ ለረጅም ዓመታት አጥንተዋል። ሠዓሊዎችን፣ ተራራ ወጪዎችን፣ የቼዝ ተጫዋቾችንና የቀዶ ሕክምና ባለሙያዎችን ተመልክተው እ.ኤ.አ በ1990 ባሳተሙት ታዋቂ መጽሐፍ ላይ ለመመሰጥ የሚያስፈልጉ ነገሮችን አስቀምጠዋል። ግቡ ግልጽ መኾን አለበት፤ ለእያንዳንዱ ድርጊት ወዲያውኑ መልስ መገኘት አለበት፤ የሥራው ክብደትና የሠሪው ችሎታም መመጣጠን አለባቸው። ሥራው ሲቀል ሰው ይሰለቻል፤ ሲከብድ ይጨነቃል፤ ሲመጣጠን ጊዜውን ይረሳል።

ለመንዳት የተሠራ መኪና ሦስቱንም ያሟላል። የሚቀጥለው ኩርባ ግልጽ ግብ ነው። መሪው፣ ፍሬኑና ሞተሩ በቅጽበት ይመልሳሉ። ረዳት መሣሪያ ባለመኖሩም ሥራው ችሎታ ይጠይቃል። በዚያ ሰዓት አሽከርካሪው ስለ ዕዳውም፣ ስለ ስልኩም፣ ስለ ነገም አያስብም። ብዙ ባለቤቶች መኪናቸውን ማረፊያ አድርገው የሚቆጥሩት ለዚህ ነው፤ አካል ይደክማል፣ አእምሮ ግን ያርፋል።

የባለቤትነቱ ፍቅር ደግሞ ከመንዳት በላይ ይሄዳል። ቀላል መኪና ክዳኑ ሲከፈት ሞተሩ ይታያል፤ ባለቤቱ ዘይት ሊቀይር፣ ካንዴላ ሊፈታ፣ የላላውን ሊያጠብቅ ይችላል። ሰው እጁን ያሳረፈበትን ነገር እንደሚወድ የታወቀ ነው። ከእንቁላሏ ጀምሮ ያሳደጋት ዶሮ ከገበያ ከተገዛችው እንደምትበልጥበት ሁሉ፣ በቤቱ የገጣጠመው ካተርሃምም ለባለቤቱ ከማንኛውም ውድ መኪና ይበልጥበታል።

ገበያው የሰጠው ምስክርነት

ስሜት በገንዘብ ሊመዘን እንደሚችል ያሳየ አንድ ታሪክ አለ። ፖርሽ እ.ኤ.አ በ2013 "911 ጂቲ 3" የተባለውን የስፖርት መኪናውን አዲስ ሞዴል ሲያወጣ በእጅ የሚቀየረውን ማርሽ አስቀርቶ በኮምፒዩተር በሚታገዝ ካምቢዮ ብቻ አቀረበው። አዲሱ ካምቢዮ ከማንኛውም ሰው እጅ የፈጠነ ነበር። በሰዓት ለሚለካ ውድድር የተሻለ መኾኑ አላከራከረም። ብዙ ወዳጆቹ ግን ተከፉ፤ መኪናው ቢፈጥንም የእነርሱ ድርሻ ቀንሶባቸው ነበርና።

ኩባንያው እ.ኤ.አ በ2016 "911 አር" የተባለ በእጅ ማርሽ ብቻ የሚሠራ ሞዴል በ991 መኪኖች ወስኖ አወጣ። መኪኖቹ ወዲያው አልቀው በሁለተኛ እጅ ገበያ ከፋብሪካ ዋጋቸው በብዙ እጥፍ ተሸጡ። በ2017 ጂቲ 3 እንደገና ሲታደስ ለሚፈልግ ሁሉ በእጅ የሚቀየረው ማርሽ ተመለሰለት። ገዢዎቹ የዘገየውን መረጡ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ዋጋ ሲንር ፍቅሩ ራሱ አደጋ ላይ ይወድቃል። በቁጥር የተወሰኑ መኪኖች እንደ ወርቅ መዋዕለ ንዋይ ኾነው በጋራዥ ተቆልፈው ይቀመጣሉ። ለመነዳት የተሠራው መኪና እንዳይነዳ ይደረጋል፤ እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ዋጋውን ይቀንሰዋልና። ለታይታ የሚገዛውም ብዙ ነው። መኪናን ለስሜቱ የሚወድ ሰውና ለዋጋው የሚወድ ሰው በአንድ ገበያ ላይ መገናኘታቸው በመጠነኛ ገቢ የሚተዳደረውን አፍቃሪ ከገበያው እያስወጣው ይገኛል።

የኤሌክትሪክ ዘመንና የጠፋው ማርሽ

የነዳጅ ሞተር ዘመን እያለቀ መምጣቱ ይህን ስሜት ይበልጥ አንሮታል። የኤሌክትሪክ መኪና ማርሽ መቀያየር አያስፈልገውም፤ ድምፁም እምብዛም አይሰማም። ባትሪው ብቻውን መቶዎች ኪሎ ግራም ስለሚመዝን የቻፕማንን የቅለት መርህ መጠበቅ አስቸጋሪ ነው። በሌላ በኩል ጭስ የለውም፤ የሚያልቅ የፍሪሲዮን ሸራ የለውም፤ የሞተር ዘይት አይቀየርለትም።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያም ቅርብ ነው። መንግሥት ለነዳጅ ግዢ የሚወጣውን የውጭ ምንዛሪ ለመቀነስ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ የተገለጸው በጥር 2016 ዓ.ም ነው። ከዚያ ወዲህ በከተሞቻችን ድምፅ የሌላቸው መኪኖች እየበዙ መጥተዋል። ፍሪሲዮን ረግጦ መንዳትን የማያውቅ ትውልድ በአገራችንም መምጣቱ አይቀርም።

የኮሪያው ሁንዳይ እ.ኤ.አ በ2023 ያወጣው "አዮኒክ 5 ኤን" የተባለ ፈጣን የኤሌክትሪክ መኪና በዚህ ረገድ አስገራሚ ነው። መኪናው ማርሽ የለውም፤ ነገር ግን አሽከርካሪው ሲፈልግ ማርሽ የሚቀየር የሚያስመስል ንቅናቄና የሞተር የሚመስል ድምፅ እንዲፈጥር ተደርጎ ተሠርቷል። ፋብሪካው የማያስፈልገውን ነገር ደክሞ መልሶ የጨመረው መኪናው የፈጣን ፈጣን ኾኖ እንኳ ሰው የራሱን ድርሻ እንደሚፈልግ ስለተረዳ ነው።

ስሜቱ መንገድ ላይ ሲወጣ

ይህ ፍቅር የማይታለፍ ወሰን አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2023 ባወጣው ዘገባ መሠረት በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በትራፊክ አደጋ ይሞታሉ። ከሟቾቹ መካከል እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተረኞች ከፍተኛውን ቁጥር ይይዛሉ። በአገራችን መንገዶች ደግሞ ሰው፣ ከብት፣ ጋሪ፣ ባጃጅና የጭነት መኪና አንዱን አስፋልት ይጋራሉ፤ በገበያ ቀን መንገዱ ራሱ ገበያ ይኾናል።

የፊዚክስ ሕግ ለስሜት አይራራም። የመኪና ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የያዘው ጉልበት በአራት እጥፍ ይጨምራል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ የነበረ መኪና 80 ቢደርስ ፍሬን ተይዞ እስኪቆም የሚሄደው ርቀት ወደ አራት እጥፍ ያድጋል። አሽከርካሪው ደንግጦ ፍሬን እስኪረግጥ የሚያልፈው ርቀት ሲጨመር ደግሞ ይብሳል።

ሌላም እውነት አለ። ረዳት መሣሪያ የሌለው መኪና የሚያስደስተውን ያህል ስሕተትን ይቅር አይልም። መኪና ሲንሸራተት ጎማዎቹን ለይቶ ፍሬን በመያዝ የሚያስተካክለው የኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያ ብዙ ሕይወት በማትረፉ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከ2014 ጀምሮ በአዳዲስ መኪኖች ሁሉ ላይ ግዴታ ኾኗል። ከሐምሌ 2024 ወዲህም የፍጥነት ወሰን ሲታለፍ አሽከርካሪውን የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ በአዳዲስ መኪኖች ላይ እንዲገጠም ተደርጓል። እነዚህን እንደ እንቅፋት ማየት ስሜትን ከሰው ሕይወት ማስቀደም ይኾናል።

ስሜቱ ባደገባቸው አገሮች ባለቤቶች በክፍያ ወደ ተዘጋ የውድድር ሜዳ ይሄዳሉ። በጀርመን እ.ኤ.አ በ1927 የተከፈተውና ወደ 21 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው የኑርቡርግሪንግ ሜዳ ማንኛውም መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ከፍሎ የሚነዳበት ነው። በዚያ ከፊት የሚመጣ መኪና የለም፤ መንገድ የሚያቋርጥ ሕፃን የለም። እንዲህ ያለ ሜዳ በሌለበት አገር የማኅበራዊ ሚዲያ ቪዲዮ አይቶ በከተማ መንገድ ላይ መኪና የሚያስጮህ ወጣት የሚወደው መኪናን ሳይኾን የተመልካችን ዐይን ነው።

የኤምኤክስ 5 ታሪክ በዚህ ላይ ትምህርት ይሰጣል። ቀላል መኪና በመጠነኛ ፍጥነትም ሥራ ይሰጣል፣ ይናገራል፣ ያስደስታል። ደስታው የሚገኘው ከመግባባቱ በመኾኑ ለማግኘት የሰው ሕይወት አደጋ ላይ መጣል የለበትም።

ከደርባን የተነሳው መሐንዲስ

በዚህ ዘርፍ ስማቸው ከፍ ብሎ ከሚነሳ ሰዎች አንዱ የአፍሪካ ልጅ ናቸው። ጎርደን መሪ እ.ኤ.አ በ1946 በደቡብ አፍሪካ ደርባን ከተማ ተወልደው በወጣትነታቸው ወደ እንግሊዝ አቀኑ፤ የፎርሙላ ዋን የውድድር መኪኖችንም ነደፉ። እ.ኤ.አ በ1992 ይፋ የኾነው "ማክላረን ኤፍ 1" የእርሳቸው ሥራ ነው። አሽከርካሪው በመሐል ይቀመጣል፤ መሪ የሚያቀልል መሣሪያ የለውም። በጠቅላላው 106 ብቻ የተሠራ ሲኾን አንዱ በ2021 በአሜሪካ ጨረታ ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሽጧል። በ2020 ይፋ ያደረጉት "ቲ 50" ደግሞ 12 ሲሊንደር ሞተርና በእጅ የሚቀየር ማርሽ ይዞ ክብደቱ ከአንድ ቶን በታች ነው።

እኚሁ መሐንዲስ በሌላ ወረቀት ላይ የአፍሪካን ገጠር እያሰቡ ሠርተዋል። "ኦክስ" ማለትም በሬ የሚል ስም የተሰጠውን ቀላል የጭነት መኪና ነደፉ። መኪናው ተበታትኖ በኮንቴይነር ተጭኖ በደረሰበት ቦታ እንዲገጣጠም የታሰበ ነው። 1,900 ኪሎ ግራም ይጭናል። አሽከርካሪው እንደ ማክላረኑ በመሐል ይቀመጣል፤ በዚህም ምክንያት መኪናው በቀኝም በግራም በሚነዳበት አገር ያለ ለውጥ ይሠራል። የግራና የቀኝ በሮቹ አንድ ዓይነት በመኾናቸው መለዋወጫው ይቀንሳል።

በሚሊዮኖች የሚሸጠውና ለገጠር የታሰበው መኪና በአንድ ሐሳብ ይገናኛሉ፤ ትርፍ ነገር ይነሳ፣ የቀረው በሰው እጅ የሚታወቅና የሚጠገን ይሁን የሚል ነው።

የየዕለቱ አሽከርካሪ ምን ይወስዳል?

ሀብታሞች በውድ የሚገዙት ስሜት በአገራችን ሚኒባስ፣ ፒክአፕና አይሱዙ ላይ በነፃ አለ። መሪው ወደ አንድ ጎን የሚጎትት ከኾነ የጎማው አየር አልተመጣጠነም ወይም አላይመንቱ ተዛብቷል ማለት ሊኾን ይችላል። ፍጥነት ሲጨመር መሪው የሚንቀጠቀጥ ከኾነ የጎማው ባላንስ መታየት አለበት። የፍሬን ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ሲለሰልስ ወይም ወደ ታች ሲወርድ የፍሬን ዘይት ፈስሷል ወይም በመስመሩ ውስጥ አየር ገብቷል የሚል ማስጠንቀቂያ ነው፤ ከዚህ በኋላ ጋራዥ እስኪደርስ መነዳት የለበትም። ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲሸትና ሲዳከም ማርሽ ቀንሶ በሞተሩ መያዝ እንደሚገባ የሚናገረው ራሱ መኪናው ነው።

ሙዚቃውን ዝቅ አድርጎ፣ ስልኩን አስቀምጦ፣ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ የሚነዳ ሰው እነዚህን መልእክቶች ይሰማል። ያን ጊዜ ተሳፋሪውም፣ መንገድ ዳር የቆመችው እናትም፣ ከገበያ የሚመለሰው ገበሬም የዚያ መግባባት ተጠቃሚ ይኾናሉ።